ልጄ ቡድናችን ሲያሸንፍ ለምን አዘነ?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2025፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ የተጫዋቾች ምርጫ ዕጣ በወጣበት ምሽት፣ ንዴቴ ሳይበርድ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው።) የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቅርጫት ኳስ ያሳበደው የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። ከአንድ ወር በፊት፣ የውድድር ዘመኑ በተዘጋበት ዕለት፣ የዋሽንግተን ዊዛርድሱ ጀማሪ በብ ካሪንግተን በመጨረሻዋ ቅጽበት ባስቆጠራት ኳስ ቡድኑ ማያሚን በአንድ ነጥብ ረታ። እኔ ከሶፋው ዘልዬ ተነሣሁ። ልጄ ትራሱን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነበት። ምን ነካህ ብለው፣ ከትራሱ ሥር ሆኖ፣ ዩታ ከእኛ በታች ሆነ አለኝ። ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። በዚህ ሊግ መጨረሻ የወጣ ቡድን ለሚቀጥለው ዓመት አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ ቀድሞ የመምረጥ ተስፋ አለው። ዩታ 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ፤ ዋሽንግተን 18 አሸንፎ 64። ልዩነቷ ያቺ የካሪንግተን ኳስ ናት። ዕጣው ሲወጣ ዋሽንግተን ስድስተኛ ሆነ፣ ዩታ አምስተኛ፤ የመጀመሪያውን ምርጫ ዕድሉ 1.8 በመቶ ብቻ የነበረው ዳላስ ወሰደው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ጻፍኩ። ፊላደልፊያ ከ2013 ጀምሮ ሂደቱ በሚል ስም ሦስት ዓመት ሆን ብሎ ተሸነፈ፤ 19 ድል፣ ከዚያ 18፣ ከዚያ 10፤ በ246 ጨዋታ 199 ሽንፈት። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ ይቅርና የምሥራቁን ምድብ ፍጻሜ እንኳ አላየም፤ ለመጨረሻ ጊዜ እዚያ የደረሰው በ2001፣ በአለን አይቨርሰን ዘመን ነው። ታዲያ መሸነፉ ምን ገዛለት? በድል ልጅ የሚያስለቅስ ቡድንስ ቡድን ይባላል ወይ? አጋንኜ እንደነበር አሁን አምናለሁ። ያን ምሽት ግን አንድ ቃል አልቀነስኩም።

የመጀመሪያዎቹ ምላሾች ጨዋነት ያልተለያቸው ነበሩ። ቁጥር 1 ጤና ይስጥልኝ ብሎ ጀምሮ አንድ እርማት ብቻ አቀረበ፤ ተጫዋች ሆን ብሎ አይሸነፍም፣ ሆን ብሎ የሚሸነፈው ቢሮው ነው። ሥራ አስኪያጁ ማሸነፍ የማይችል ስብስብ ሜዳ ላይ ያወጣል፤ ልጆቹ ግን ለሚቀጥለው ውላቸው እየተጋደሉ ይጫወታሉ፤ የካሪንግተን ኳስ ራሷ ምስክር ናት። ተቀበልኩት። ቁጥር 2 ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ጠፋ።

ቁጥር 3 ዕድሜዬን ከአጻጻፌ ገምቶ ነው መሰለኝ፣ አንቱ እያለ የዕጣውን ማሽን አስረዳኝ። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው 14 ትንንሽ ኳሶች አየር በሚያንገላታቸው ማሽን ውስጥ ይገባሉ፤ አራቱ ይወጣሉ፤ ቅደም ተከተላቸው አይቆጠርም። ከዚህ 1,001 የቁጥር ጥምረት ይገኛል፤ አንዱ ይጣልና 1,000ው ወደ ጥሎ ማለፉ ላልገቡት 14 ቡድኖች ይከፋፈላል። በፊላደልፊያ ጊዜ መጨረሻ የወጣው ቡድን ብቻውን 250 ይወስድ ነበር። ከ2019 ወዲህ ግን የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች እኩል 140፣ 140 ይደርሳቸዋል፤ በዕጣ የሚለዩትም የመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ከሁሉ የባሰው ቡድን አምስተኛ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ 48 በመቶ ገደማ ነው። ልጅዎ ያዘነው ለአንዲት ደረጃ ነው አለኝ፤ ዩታ ከአምስተኛ በታች መውረድ አይችልም ነበር፣ ዋሽንግተን ግን እስከ ስድስተኛ ይችላል፣ ወረደም። ይህን ለልጄ ባነብለት ሁሉንም ያውቀው ነበር።

ከዚያ ቁጥር 4 መጣ፤ ክሩ ከዚህ በኋላ የእኔ መሆኑ ቀረ። ምዕራብ ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞር ጎዳና አጠገብ የሚኖር፣ ያን ጊዜ ሌሊት ታክሲ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። በእነዚያ ክረምቶች አዳራሹ ከመራቆቱ የተነሣ የጫማ ሲጥሲጥታና የአሰልጣኙ የብሬት ብራውን ጩኸት እላይ ድረስ ይሰማ እንደነበር ጻፈ። ዲሴምበር 1 ቀን 2015 ግን መቀመጫ አልነበረም። የተጋጣሚው የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ኮከብ ኮቢ ብራያንት መጫወት ሊያቆም መሆኑን ካስታወቀ ሁለት ቀኑ ነበር፤ የተወለደባት ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው ተሰብስባለች። ፊላደልፊያ ካለፈው ዓመት ከቀሩት ጋር 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ሰዉ ግማሹ ለኮቢ፣ ግማሹ ለራሱ ቡድን ይጮሃል፤ ኮቢ ከ26 ሙከራ 7 ብቻ አስገባ፤ ፊላደልፊያም 103 ለ91 አሸነፈ። የማያውቀውን ሽማግሌ አቅፎ እንዳለቀሰ፣ ሽማግሌውም ጀርባውን እየመታ ልክ እንደ ዘመድ እንዳጽናናው ተረከ። ለአንድ ተራ ድል! የውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ ድል ነበረች፤ በጥቅሉም አሥር ብቻ ሆኑ።

መሸነፉ ምን ገዛ ለሚለው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ ጆኤል ኢምቢድን። በ2014 በሦስተኛነት ተመረጠ፣ በእግሩ ጉዳት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ፣ ከዚያ ተነሣና በ2023 የሊጉ ኮከብ ተባለ። በ2018 ቡድኑ 52 ጨዋታ አሸነፈ። በ2019 ደግሞ በጥሎ ማለፉ ሰባተኛ ጨዋታ ቶሮንቶ ውስጥ የቶሮንቶው የካዋይ ሌናርድ ኳስ ከማዕዘን ተወርውራ ብረቱን አራት ጊዜ ነካካች፤ እሱ እየቆጠረ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ገባች። አምስተኛ ብትነካ ኖሮ ምናልባት ይህን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር፤ እሱም አይመልስልኝም።

ቁጥር 5 ግን አልራራለትም። የፊላደልፊያ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጸሎት ይደግማል አለ፤ ሳም ሂንኪን አላስጨረሱትም የሚል። እስከ 2016 ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሂንኪ በ2013 በ11ኛው ምርጫ ማይክል ካርተር ዊሊያምስን ሲወስድ ያኒስ አንቴቶኩምፖ እስከ 15ኛ ድረስ ቁጭ ብሎ ነበር፤ በ2015 በሦስተኛው ጃሊል ኦካፎርን ሲወስድ ዴቪን ቡከር 13ኛ ሆኖ ሄደ፤ የተዋቸው ሁለቱም ኋላ ኮከቦች ሆኑ። ደካማ ዓይን ካለህ ቀድመህ መምረጥ ምን ያደርግልሃል ነው ነገሩ። ቁጥር 6 የሂንኪ ጠበቃ ሆኖ ቀረበ። የሰውየው ጥበብ መሸነፉ ሳይሆን ሒሳቡ ነው፤ በ2015 ከሳክራሜንቶ ጋር ባደረገው ልውውጥ ምርጫ የመቀያየር መብት ስላገኘ፣ በ2017 አምስተኛ የነበረው ፊላደልፊያ ሦስተኛ ሆነ። የተካው ቢሮ ነው በዚያ ላይ ሌላ ምርጫ ጨምሮ ለቦስተን የሰጠውና በአንደኛው ማርኬል ፉልትዝን የወሰደው፤ ፉልትዝ ትከሻው ታሞ መወርወር ጠፋበት፣ ቦስተን በሦስተኛው ጄሰን ቴይተምን ወሰደ፣ በ2024 ዋንጫ አነሣ። ቁጥር 5 ተመልሶ በቁጥር 7 የሂንኪን የስንብት ደብዳቤ አነሣ፤ 13 ገጽ ነው፣ ከኒውዚላንድ ስለጠፋ ትልቅ ወፍ ሳይቀር ያወራል። ሰው ከሥራ ሲለቅ ስለ ወፍ ይጽፋል ወይ ብሎ ሳቀበት። ደብዳቤውን ፈልጌ አነበብኩት፤ ወፏ አለች።

ቁጥር 8 ከአዲስ አበባ የጻፈ የእግር ኳስ ሰው ነው። በእኛ አገር መጨረሻ የወጣ ይወርዳል፣ እዚያ ይሸለማል፤ ሦስት ቡድን ወደ ታች ቢያወርዱ ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ዓመት ያልቅ ነበር አለ። ቁጥር 9 በትዕግሥት መለሰለት። ሊጉ ዝግ ነው፤ ከታች የሚመጣም ወደ ታች የሚወርድም የለም። ደመወዝ ጣሪያ ስላለው ባለጸጋ ቡድን እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ኮከብ በገንዘብ አይገዛም፤ ኮከብ የሚገኘው ወይ ገና ከኮሌጅ ሲወጣ በመምረጥ፣ ወይ በልውውጥ፣ ወይ ተጫዋቹ ከተማውን ከወደደው ነው። መጨረሻ ለወጣ ቡድን የሚደርሰውን ዕድል የሚቀንሰው የዕጣው ማሻሻያ በ2014 ሲቀርብ 17 የቡድን ባለቤቶች ደግፈው 13 ተቃወሙ፤ የሚያስፈልገው 23 ስለነበር ወደቀ። ለማለፍ ሦስት ዓመት የፈጀው ሁሉም ነገ መጨረሻ የሚወጣው እኔ ነኝ ብሎ ስለሚፈራ ነው አለ። ይህች ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ቀረች።

ቁጥር 10 ዕጣው የተጭበረበረ ነው፣ ዳላስ ኮከቡን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ስለለቀቀ ተክሶ ነው ብሎ ማለ። ቁጥር 11 ዕጣው የሚወጣው የቡድን ተወካዮችና ጋዜጠኞች ስልካቸውን አስረክበው በተቀመጡበት ክፍል መሆኑን ነገረው። አላመነም።

ቁጥር 12 ከእስራኤል፣ ከነታኒያ ነው የጻፈው፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሌሊት እየቀሰቀሰ የዋሽንግተንን ጨዋታ ያይ የነበረው በአገሩ ልጅ በዴኒ አቭዲያ ምክንያት ነው። አቭዲያ ምርጥ ዓመቱን በጨረሰ ማግሥት፣ በ2024፣ ለፖርትላንድ ተሰጠ። በምትኩ ከመጡት አንዱ 14ኛው ምርጫ ነበር፤ በሱ የመጣው ደግሞ ያው ልጄን ያሳዘነው ካሪንግተን። ሌላው የ2029 የአንደኛ ዙር ምርጫ ነው። በ2029 ልጅህ ጢም ያወጣል፣ እኔ ደግሞ ዛሬ የማየው ሰው የለኝም አለ። ከዚህ በታች ቁጥር 13 የጻፈው አንድ ተረት ብቻ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ። ሌላውን አልጨረሰውም፤ ያገሬ ሰው ሆኖ የማያውቀው ማን አለ።

ቁጥር 14 ላይ አንቱታው ቀረ። አንተ ማነህና ትከሳለህ ብሎ ጀመረ። ቡድኑ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ልጅህን ከፊት ወንበር ታስቀምጠው ነበር ወይ? መሸነፍ የትኬት ዋጋ ያወርዳል፤ በርካሹ ገብተህ፣ ልጅህን አዝናንተህ፣ አሁን ቤትህ ሆነህ ስለ ክብር ትሰብካለህ። አንጀቴ አረረ፤ ያረረውም እውነት ስለነበር ነው። ሁለት ጊዜ፣ በደህናው ዘመን በሩ ላይ እንኳ የማልቆምበት ወንበር ላይ ከልጄ ጋር ተቀምጠናል፤ ተጫዋቾቹ ሲያልፉ ላባቸው ይታይ ነበር። ይህን መመለስ ሲገባኝ በቁጥር 15 ልጅ የሌለው ሰው ስለ ልጅ አያውቅም ብዬ ጻፍኩ። የውይይት መድረኩ አስተናጋጅ ግማሹን ሰረዘው፤ ባይሰርዘው ይሻል ነበር፣ አሁን ሰው ከዚያም የከፋ ነገር የጻፍኩ ይመስለዋል።

ያዳነን ቁጥር 16 ናት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሴት ልጆችን ቅርጫት ኳስ የምታሠለጥን እህት ነች። ሁላችንም ስለ ባለቤት፣ ስለ ሥራ አስኪያጅና ስለ ደጋፊ ስናወራ ስለ ተጫዋቾቹ ማንም እንዳላነሣ ታዘበችን። ካርተር ዊሊያምስ በ2014 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ ዓመት ሳይሞላው ተሸጠ። በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ለአሥር ቀን ውል መጥተው የሄዱትን ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። የ19 ዓመት ልጅ መሸነፍን ከለመደ ሥራ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከጎኑ ሆኖ መከላከያ ላይ እግርህን እንዲህ አዙር የሚለው ታላቅ ከሌለ ደግሞ መቼም አይማረውም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ራሳቸውን ያዳኑት ማንም ያልመረጣቸው፣ እንደ ሮበርት ኮቪንግተንና ቲጄ ማኮኔል ያሉት ናቸው፤ የማኮኔል ኢንዲያና ደግሞ አሁን ጥሎ ማለፉ ውስጥ እየገሠገሠ ነው። ለልጄም ሐሳብ አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይዞ ሜዳ ይውጣ፣ እያነጠረ ዕጣ ሊቆጥር አይችልም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። ቁጥር 17 የቅዳሜው ሜዳ የት እንደሆነ ጠየቀ፤ ቁጥር 18 ምዕራብ ፊላደልፊያ ውስጥ ደህና ሽሮ የት ይገኛል አለ፤ ቁጥር 4 በቁጥር 19 ስለ ኢምቢድ ከጻፈው በማያንስ ስሜት መለሰለት። በሁለቱ መካከል ስለ ፓርኪንግ ጠብ ተነሣ። ቁጥር 21 አስተናጋጁ ነው፤ ወደ ርእሱ ተመለሱ አለ።

ቁጥር 22 ኢምቢድ ያውንዴ ተወልዶ በ15 ዓመቱ ኳስ የጀመረ አፍሪካዊ ነው፣ እሱን የነካ እኔን ነካ የሚል ነበር። ማንም አልነካውም፤ ቁጥር 23 ብቻ በዚያው በ2014 ምርጫ ኒኮላ ዮኪች 41ኛ ሆኖ መውጣቱን፣ ዴንቨርም በ2023 በእሱ ዋንጫ ማንሣቱን አስታወሰ። ለ41ኛ ምርጫ ማንም ሦስት ዓመት አይሸነፍም።

ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ኦክላሆማ ሲቲ ከኢንዲያና ጋር ለፍጻሜ ሲደርስ ቁጥር 24 ክሩን ቀሰቀሰው፤ መልስህ ይኸውልህ እያለኝ። ኦክላሆማ በ2021 ከ72 ጨዋታ 22 አሸነፈ፣ በማግሥቱ ዓመት 24፤ በዲሴምበር 2021 ሜምፊስ በ73 ነጥብ ልዩነት ሲረታው በሊጉ ታሪክ እንዲያ የተቀጠቀጠ ቡድን አልነበረም። ዛሬ 68 አሸንፎ ፍጻሜ ላይ ነው። መሸነፍ ይሠራል።

ቁጥር 25 ቆራርጦ ጣለው፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። የኦክላሆማው ኮከብ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በሽንፈት አልመጣም፤ በ2019 ፖል ጆርጅ ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሲሄድ ከአምስት የአንደኛ ዙር ምርጫዎች ጋር በልውውጥ ነው የመጣው። ጄለን ዊሊያምስ በክሊፐርስ ምርጫ፣ 12ኛ ሆኖ። ሉ ዶርትን ማንም አልመረጠውም። የሽንፈቱ ፍሬ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው ቼት ሆልምግረንና ስድስተኛ የነበረው ጆሽ ጊዲ ናቸው፤ ጊዲም በአሌክስ ካሩሶ ተለወጠ። ስለዚህ ኦክላሆማ ያተረፈው ራሱ ስለተሸነፈ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሲያሸንፉ የሚያስቡትን ነገ ቀድሞ ስለሰበሰበ ነው። ፊላደልፊያ እንኳ ዘንድሮ ኢምቢድ 19 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ 24 ለ58 የጨረሰው የምርጫው ዕዳ ለኦክላሆማ እያለበት ነበር፤ ከስድስተኛ በታች ቢወርድ ያስረክብ ነበር። ሦስተኛ ወጣለት። ቁጥር 4 በቁጥር 26 ያን ምሽት እጁን አንሥቶ እንደጨፈረ፣ ወዲያውም እንዳፈረ ተናዘዘ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ለሽንፈት መጨፈር!

በቁጥር 27 ደግሞ አንዱ ወደ እኔ የመጀመሪያ ጽሑፍ ተመልሶ አረመኝ። ካሪንግተን ቢስት ኖሮ ዋሽንግተን ከዩታ ጋር እኩል ይሆን ነበር እንጂ ከታች አይሆንም፤ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ማን ከፊት ይቁም የሚለው በዕጣ ነው የሚለየው። ልጄ ያለቀሰው ለግማሽ ዕድል ነው።

ጁን 22 የፍጻሜው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ቁጥር 28 ያው የአዲስ አበባው ሰው ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ፣ የኢንዲያናው ታይሪስ ሃሊበርተን በመጀመሪያው ሩብ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ሲወድቅ አይቶ፣ ሳይተኛ ሥራ ገባ። መውረድና መውጣት የሌለበት ሊግ እንዲህ የሚያስለቅስ ከሆነ ይቅርታ ጠይቄያለሁ አለ። ኦክላሆማ ዋንጫውን ወሰደ። ቁጥር 29 የአሌክሳንድሪያዋ አሠልጣኝ ነች፤ ማኮኔል ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ 16 ነጥብ ማስቆጠሩን ብቻ ጻፈች፤ ሌላ ምንም። ቁጥር 30 ልጄ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ዋሽንግተን በስድስተኛው ትሬ ጆንሰንን መርጦ ነበርና፣ ከሩቅ ሲወረውር ያምራል እያለ መሆኑን መለስኩ። ቅዳሜም ሜዳ ይወጣል።

የመጨረሻው ቁጥር 32 ነው፤ ቁጥር 4 ጽፎታል። የሰባተኛውን ጨዋታ ውጤት እንድናይ ነገረን፤ ኦክላሆማ 103፣ ኢንዲያና 91። ዲሴምበር 1 ቀን 2015 ፊላደልፊያ ኮቢን የረታበት ውጤት ነው፣ ነጥብ ሳይጨምር ሳይቀንስ፤ ያን ዓመት የፊላደልፊያን መለያ ለብሶ የነበረው ማኮኔል አሁን በ91ዱ በኩል ነው። ገብቼ አጣራሁ፤ ልክ ነው።

ለልጄ አሳየሁት። ውጤቱን አየት አድርጎ፣ ያን ዓመት ፊላደልፊያ በስንተኛው መረጠ አለኝ።

በአንደኛው፣ አልኩት፤ ቤን ሲመንስን።

ጥቂት አሰበና ጫማውን ማሰር ጀመረ።